አንድ ፈር

ሰው በአንድ ጀንበር አይከፋም። ገብረአብም ቢሆን ከእናቱ ማኅፀን ድንጋይ ሆኖ አልወጣም፤ እንዲያ ብሎ ነገሩን የሚገላገል ካለ ተሳስቷል። ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዝንጀሮ ዋሻ በምትባል ብርዳም መንደር፣ ገብስና ባቄላ እየዘራ የሚኖር ደኅና ገበሬ ነበር። ጾሙን ይጾማል፤ በየወሩ በሃያ አንድ የማርያምን ጽዋ ይጠጣል፤ ለማኝ በደጁ ካለፈ ጠርቶ ይመልሳል። እናቱ የሞተች ጊዜ ሦስት ቀን እህል በአፉ አልዞረም። በግ ሲያርድ እንኳ የበጉን ዓይን ማየት አይሆንለትም ነበርና ሚስቱ ሸዋወርቅ ትስቅበት ነበር።

ማሳው ከወልደጻድቅ ማሳ ጋር ይዋሰናል። ሁለቱ ጎረቤት ብቻ ሳይሆኑ አበልጅም ናቸው፤ የወልደጻድቅን ልጅ እናናየሁን ክርስትና ያነሳቻት ሸዋወርቅ ናት። በሁለቱ ማሳ መካከል ሁለት እርምጃ ያህል የሚሰፋ የሣር ድንበር ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ከአያቶቻቸው ጀምሮ ማረሻ ነክቶት አያውቅም። ድንጋይ አልተተከለበትም፤ ዝንጀሮ ዋሻ ላይ ድንጋይ የሚተክል የማይተማመን ሰው ነው ይባል ነበር።

የአርሲ ዘመቻ ነጋሪት ሲጎሰም ወልደጻድቅ ጋሻና ጦሩን አነሳ። በሚሄድበት ዕለት ጠዋት ወደ ማሳው ወርዶ ገብረአብን ድንበሩ ላይ አገኘው።

«አበልጄ» አለው፣ «ሚስቴንና ልጄን ለእግዜር፣ መሬቴን ለአንተ ሰጥቻለሁ። እስክመለስ የእኩል እረስላቸው። ድንበሩን እንደሆነ እግዜር ያውቀዋል፤ አንተም ታውቀዋለህ።»

«አደራህ የምድርም የሰማይም ነው» አለ ገብረአብ። ይህን ሲል አልዋሸም።

የመጀመሪያይቱ ፈር የተሳሳተች ፈር ናት። የበልግ ዝናብ አፈሩን አርሶት፣ ቀኙ በሬ በማዞሪያው ላይ አዳለጠውና ማረሻው ወደ ሣሩ ገባ። ገብረአብ እርፉን ማቅናት ሲገባው ዝም አለ። በሬዎቹ እስከ ማሳው ጫፍ ሄዱ። ሲመለስ አየው፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ፈር፣ ስፋቱ ስንዝር ቢሞላ ነው። ሣሩን መልሶ በእግር መርገጥ የአንድ አፍታ ሥራ ነበር። ግን የተገለበጠው አፈር ጥቁር ነው፤ ስንት ዘመን ያረፈ፣ ቅቤ የጠገበ የመሰለ አፈር። እንዲህ ያለውን ሣር ሲበላው አያሳዝንም? በልቡ ግን፣ የሰው ነው፣ መልስ የሚል ቃል ሰማ። ጥርት አድርጎ ሰማው፤ አልሰማሁም ማለት አይችልም።

«ኋላ እመልሰዋለሁ» አለ።

ያን ሳምንት እህል አልወርድ አለው። ቡቃያው ብቅ ባለ ሰሞን አንድ ዓርብ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ሲወርድ እቤቱ መሬት ላይ ተደፍቶ «እመቤቴ ማርያም፣ ይህን አሳልፊልኝ እንጂ ነገ በጠዋት ሄጄ እመልሳለሁ» ብሎ ተሳለ። በረዶው ከወንዙ ወዲያ ያለውን ማሳ ሁሉ ጨፍጭፎ የእርሱን ሳይነካ አለፈ። በማግስቱ ዶማውን ይዞ ወረደ። እውነቱን ለመናገር ሊመልስ ነበር የወረደው። ሲደርስ ግን ቡቃያው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ፀሐይ ወጥቷል፤ ወፉም ይንጫጫል።

ተቆጥቶ ቢሆን መች ይተወኝ ነበር? አለ በሆዱ። ዶማውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እያፏጨ ተመለሰ።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እግዜር ሲታገሥ እሺ ያለ ይመስለናል። ገብረአብ በረዶውን በደንብ ፈርቶ ነበር፤ ያተረፈውን ቸርነት ግን አልፈራም።

ፍልሰታ ሲገባ ወደ ነፍስ አባቱ ወደ መምሬ ተክለጊዮርጊስ ሄዶ ተናዘዘ። ዓርብ ቀን ወተት ቀምሻለሁ አለ፤ ሚስቴን ሰድቤአለሁ አለ። ስለ ፈሩ አላነሳም። መምሬ አርባ ስግደት ሰጡት፤ እርሱ ሰማንያ ሰገደ፤ ግንባሩ እስኪላጥ። ከዚያ ሲነሳ ደረቱ ቀለለው። ትንሹን ኃጢአት እያስጮኹ ትልቁን ማስተኛት የሚቻል መሆኑን ያን ቀን ተማረ፤ ከዚያም ወዲህ ጎበዝ ተናዛዥ ሆነ።

በሁለተኛው ዓመት ሁለት ፈር ወሰደ። ስህተት ነው ብሎ ራሱን ለማታለል እንኳ አልደከመም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ተረቱ ለበጎ ነገር ነው የተተረተው፤ ለክፉም ይሠራል። በሦስተኛው ዓመት የወልደጻድቅ ጓደኛ ከአርሲ ሲመለስ የሟቹን ጋሻ ይዞ ገባና በወልደጻድቅ ሚስት በበሰለች ደጅ ላይ አስቀመጠው። ያን ቀን ገብረአብ ከሁሉ አብልጦ አለቀሰ። ለይምሰል አልነበረም፤ ወልደጻድቅን ይወደው ነበር። ከለቅሶው ሲመለስ ግን በመንገድ ላይ አንድ ሐሳብ መጣበት፤ እንግዲህ ድንበሩን የሚያውቅ ወንድ የለም። በራሱ ሐሳብ ደንግጦ አማተበ። በማግስቱ ያው ሐሳብ ተመልሶ መጣ፤ በዚህኛው አላማተበም።

የሣሩ ድንበር ባለቀበት ዓመት በሰለች ባቄላ ስታርም ቀና ብላ አየችና ወደ እርሱ መጣች። ከእርሷ ጋር በአበልጅ ወግ አንቱ ነበር የሚባባሉት።

«አበልጄ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሣሩ የት ሄደ? ወይስ ዓይኔ ነው?»

«ጎርፍ በልቶት ነው እንጂ፣ አበልጄ። ያምናውን ዝናብ አላዩትም?»

ጎርፍ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ፣ በገመድ እንደ ተለካ አይበላም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። በሰለች የባሏን ወዳጅ ሌባ ማለት ነውር ሆኖባት ወደ አረሟ ተመለሰች። ገብረአብ ውሸቱ ከአፉ ሲወጣ ጆሮው ድረስ ጋለ። ማታ ለሸዋወርቅ ሊነግራት አፉን ከፈተና ስለ በሬው እግር አወራ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ቶሎ ነው። ሣሩ ካለቀ ወዲያ ያለው የበሰለች ማሳ ነበርና ማረሻው ወደዚያው ገባ። በአምስተኛው ዓመት እኩሌታው ተበልቶ አለቀ። በሰለች የነበራት ትዕግሥትም አለቀና ሽማግሌ ይዛ ነገር ከሚዳኝበት ከኮሶው ዛፍ ሥር ከሰሰችው። ገብረአብ ተነስቶ ድንበሩ ድሮም ከታች ያለው ቦይ ነው፤ ወልደጻድቅ በወዳጅነት እንዲያርስ ፈቅጄለት ነው እንጂ መሬቱ የአባቴ ነው ብሎ ተሟገተ። ሲሟገትም «አንቺ ሴት» አላት። በሰባት ዓመት አበልጅነት አንቺ ያላት ያን ቀን ነው። በሰለች ከመሬቱ ይልቅ ይህች ቃል አስደነገጠቻትና ነጠላዋን በአፏ ላይ ያዘች።

ምስክር የለም። ሽማግሌዎቹ ነገሩን በመሐላ ይለቅ አሉ። የአገሩ ደንብ የታወቀ ነው፤ መሐለኛው የቤተ ክርስቲያኑን በር በገዛ እጁ እየዘጋ ይህን በር እንደ ዘጋሁ መንግሥተ ሰማያት ይዘጋብኝ ይላል። በሐሰት የማለ ዓመት አይሞላውም ይባላል፤ ልጅ አዋቂው ይህን ያምናል። ገብረአብም ያምናል።

በቀጠሮው ዕለት መንደሩ በሙሉ ከማርያም ቅጽር ውስጥ ተሰበሰበ። መምሬ ተክለጊዮርጊስ ገብረአብን ወደ ግንቡ ጥግ ወስደው ክንዱን ያዙት።

«ልጄ፣ ማል የሚሉህ እነዚያ ናቸው። ተው የምልህ እኔ ነኝ። በሰለች እስከ ዛሬ የበላውን ለነፍስ አባቱ ስል ምሬዋለሁ ብላለች። መሬቷን ብቻ ልቀቅላት። ሌላ ምንም አልልህም።»

እሺ ሊል ነበር። ከንፈሩ እንኳ ተንቀሳቀሰ። በዚያች ቅጽበት ሁሉ ነገር ሊመለስ ይችል ነበር፤ መሬቱም፣ አበልጅነቱም፣ ገብረአብ ራሱም። ግን ዘወር ሲል ሰው ሁሉ ያየዋል። ከእንግዲህ አደራ በላ ሊሉት ነው። በጽዋው ላይ፣ በሠርጉ ላይ፣ በለቅሶው ላይ አደራ በላው መጣ ሊባል ነው። እግዜርን ይፈራል፤ ሰውን ግን ይበልጥ ፈራ። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ስንቱን ሰው ገሃነም አፋፍ ድረስ ቀጥ አድርጎ ያራምደዋል።

ሄዶ በሩን ዘጋ። ቃሉንም ተናገረ። በሰለች የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።

ያ ዓመት የመከራ ዓመት ነበር። ገብረአብ ሲያስነጥሰው ይደነግጣል፤ መብረቅ ሲመታ ከግድግዳ ይለጠፋል፤ ሆዱን ሲቆርጠው መጣ ይላል። እያንዳንዱ የማርያም ዕለት ሲያልፍ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል። ሁለት ጊዜ ወደ መምሬ ቤት ጉዞ ጀምሮ ከመንገድ ተመልሷል። በዚያ ዓመት ነው ለመጨረሻ ጊዜ የፈራው። ፍርሃቱ ሳለ ገና ተስፋ ነበረው፤ አላወቀም እንጂ።

ዓመቱ ሞላ። አልሞተም። እንኳን ሊሞት አልታመመም፤ ገብሱም እንደዚያ ዓመት ተንዠርግጎ አያውቅም። ገብረአብ ሙክት አርዶ ጎረቤቱን ጠራ። በጉን ሲያርድ ዓይን ዓይኑን እያየ አረደው። ሸዋወርቅ ይህን አይታ አልሳቀችም። የተጠራውም ሰው በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ። በልቡ ሌላ ነገር ያስብ የነበረም «ለካ እውነቱን ኖሯል» ብሎ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲያ ገብረአብ ራሱ እውነቱን የተናገረ እየመሰለው መጣ።

በሰለች የቀረላት ጭንጫው ብቻ ሆነ። እርሱም የሚያርስላት አጣና ልጇን ይዛ ወደ አልዩ አምባ ወረደች፤ መሊካ ከምትባል ጥጥ ነጋዴ ቤት ተጠግታ መፍተል ያዘች። ገብረአብ የቀረውንም አረሰው። ባለቤት የለው፣ ምን ያድርግ?

ከዚያ የከብቱ እልቂት መጣ። በሬው በአፍና በአፍንጫው ውሃ እየጣለ ውሎ ሳያድር ይሞታል። በአንድ ወር ውስጥ በዝንጀሮ ዋሻ አንድ ጥማድ አልተረፈም፤ የገብረአብም አራት በሬዎች አለቁ። ሸዋወርቅ ሬሳቸው ላይ ቆማ አለቀሰች።

«የበሰለች እንባ ነው» አለች።

«ለእኔ ሲል ያገሩን በሬ በሙሉ ይፈጃል?» አለ ገብረአብ። «እግዜር ሥራ ፈት መሰለሽ!»

ነገሩ እውነት ይመስላል። የእርሱ ብልሃት እዚህ ደርሶ ነበር፤ በረዶ ሲያልፈው እግዜር አልተቆጣም ይላል፤ ቸነፈር ሲያገኘው ደግሞ ሁሉን ያገኘ ነው ይላል። እንዲህ ላለ ሰው በምን ቋንቋ ይነገረዋል?

ረኃቡ ተከተለ። ሰው በየመንገዱ ወደቀ። ገብረአብ ግን ከቤቱ ወለል ሥር ሁለት ጉድጓድ ሙሉ ገብስ ነበረው። በበሬ የሚያርስ ስለሌለ ማሳውን በዶማ እየቆፈረ ይዘራል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሸዋወርቅ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ሳለ፣ አንዲት ሴት አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ እየመራች ከአልዩ አምባ አቀበቱን ወጥታ በራፉ ላይ ቆመች። ልጅቱ ቆማ መቆየት አቅቷት በአጥሩ ተደግፋለች።

«ሰላም ለዚህ ቤት፣ ጌታው። መሊካ እባላለሁ። ይህች የበሰለች ልጅ ናት። እናቷ ታማ ከእኔ ቤት ተኝታለች። የነበረንን አብረን በላን፤ አለቀ፣ ወላሂ። የክርስትና እናት አላት፣ እነሱ ዘንድ አድርሺልኝ ብላኝ ነው። አንዲት ነፍስ ናት፤ አላህ ያውቃል፣ ብዙም አትበላ።»

ገብረአብ ልጅቱን አያት። ግንባሯ የወልደጻድቅ ግንባር ነው። አንድ ጊዜ ካስገባት መሬቱም ተከትሏት ይገባል፤ ነገ አድጋ የአባቴን ትላለች። ይህን ሁሉ ሲያስብ ዓይኑን አላርገበገበም።

«የማን ልጅ ናት አልሽ?»

«የወልደጻድቅ፣ የአበልጅዎ።»

«እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም።»

ልጅቱ እውነት የረሳት መሰላት። ከአጥሩ ቀና ብላ «እኔ እኮ እናናየሁ ነኝ» አለችው፤ እንዲያስታውሳት ብላም ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«እግዜር ይስጥሽ» አለና በራፉን መለሰው።

መሊካ ከውጭ ሆና «አላህ ይየው» አለችና ልጅቱን አዝላ ቁልቁለቱን ተመለሰች። ሸዋወርቅ ከውሃ ስትመለስ ጎረቤት ነገራት። እንስራውን ከደጅ ጥላ፣ ቆሎ በነጠላዋ ቋጥራ፣ ስማቸውን እየጠራች ሮጠች። በማግስቱ ቀትር ላይ ተመለሰች። ቀሚሷ ተቀድዷል፤ ፊቷን ነጭታዋለች።

«ልጄ ሞተች» አለች። «ከቁልቁለቱ ሳትወርድ። ቆሎውን በእጇ ይዛ።»

«ነፍሷን ይማር» አለ ገብረአብ። ከዚያም «ምሳ አለ?» አለ።

ሸዋወርቅ አተኩራ አየችው። ከዚህ ሰው ጋር ሃያ ዓመት ኖራለች፤ ያን ዕለት ግን የማታውቀው ሰው እቤቷ የገባ ያህል ፈራችው። ወጥታ ወደ መምሬ ተክለጊዮርጊስ ቤት ሄደች።

መምሬ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ማሳው መጡ። ረኃቡ እርሳቸውንም አክስቷቸው ነበር፤ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ጓሉ ላይ ቆሙ።

«ልጅቱን ሰማሁ፣ ገብረአብ።»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ልብህ ምን አለህ?»

ገብረአብ ዶማውን ተደገፈ። ለመዋሸት እንኳ ምክንያት አላገኘም።

«ምንም አላለኝም፣ አባቴ። አንድ ነገር እስኪለኝ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። እኔንም ገርሞኛል። መጀመሪያ እኮ፣ ወልደጻድቅ የዘመተ ዓመት፣ ከሣሩ አንዲት ፈር ወስጄ አንድ ሳምንት እህል አልበላ ብሎኝ ነበር።»

ስምንት ዓመት ያልተናዘዘውን እንዲህ ተናዘዘው፤ የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያወራ። መምሬ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ያኔ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ያኔማ አፍሬ ነዋ። አሁን አላፍርም።»

«እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም፣ ልጄ» አሉ መምሬ ድምፃቸው እየተሰበረ። «በየሰማዩ ስትፈልገው የኖርኸው ቁጣ ይኸው ነው፤ ሌላ የሚመጣ የለም። ስማኝ፤ በሰለች አልሞተችም። ዛሬውኑ ውረድ። ድንጋይ ተሸክመህ እግሯ ላይ ውደቅ፣ መሬቷንም መልስላት። እንባው አልመጣ ቢልህ ግድ የለም። እግርህ ይቅደም፤ ልብህ ኋላ ይደርስበት ይሆናል።»

ገብረአብ ነገሩን አሰበበት። ማሰቡን መምሬም አይተውታል። ወደ ቁልቁለቱ ተመለከተ፣ ወደ ሰማዩ ተመለከተ፣ ያልተቆፈረችውንም ቁራሽ ተመለከተ።

«ዛሬ እንኳ አይመቸኝም፣ አባቴ። ዝናቡ ሊቀድመኝ ነው።»

መምሬ መቋሚያቸውን ጥለው ጎንበስ አሉና ከማሳው ዳር አንድ ድንጋይ አነሱ። አልችል ብሏቸው ሁለት ጊዜ አስቀመጡት፤ በሦስተኛው ማጅራታቸው ላይ ጫኑት።

«እንግዲያው እኔ ልሸከምልህ። አንተ ባዶ እጅህን ተከተለኝ። ሌላ ምንም አትሥራ፤ ተከተለኝ ብቻ።»

እየተንገዳገዱ ወደ አልዩ አምባ መንገድ ገቡ። ሁለት ጊዜ ቆመው ከነድንጋዩ ዘወር ብለው አዩት። ገብረአብም እስኪሰወሩ ድረስ ቆሞ አያቸው፤ ቀጫጭን እግራቸው ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይታያል።

«አረጁ እኮ፣ አባታችን» አለ። «ወድቀው ይሰበራሉ።»

መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ ዶማውን አነሳ። ያችን ቁራሽ ከቀትር በፊት መጨረስ ነበረበት።